ከግራና ጅዳ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

ከመንደሬ ከግራና የወጣሁት ሱብሂ እንደተሰገደ ነው። አባቴ መኪና ስለማያምኑ እስከ መርሳ በእግር ሸኙኝ።

"ጅዳ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" አሉኝ መንገድ ላይ።

"ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ አባዬ። አይስጉ።"

"ይህማ ከመርሳ ገበያ ይቀርባል" አሉና ፊታቸው ፈካ።

እውነታቸውን ነው፣ ቅርብ ነው። አውሮፕላኑ ላይ የሰጡኝን ዳቦ ልብላ ላስቀምጥ ስል ደረስን። እዚያ ግን ማዳም፣ የምሠራበት ቤት እመቤት፣ ፓስፖርቴን ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከእኔ የተሻለ ክፍል አገኘ፤ ማንም አያዘውም። እኔ የምተኛው ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው። ሙቀቱን አትጠይቁኝ፤ የግራና በጋ እዚህ ቢመጣ ጋቢ ይደርብ ነበር። ምግቡ ሩዝ ነው፤ ነገም ሩዝ ነው።

በዓመቱ ፈቃድ ጠየቅሁ። "አባቴን አይቼ ልምጣ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው" አልኳት።

"ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ ምን አስቸኮለሽ?" አለችኝ።

ይህን የመሰለ ብልህ ሴት አንድ ብርጭቆ ማጠብ እንዴት እንዳቃታት እስካሁን አልገባኝም።

ለአባቴ ግን ይህን አልነገርኳቸውም። በደወልኩ ቁጥር "መቼ ነው?" ይላሉ። "ባሻኝ ቀን ከች ነው፣ አባዬ። ጎረቤት እኮ ነው" እላለሁ። ደስ ሲላቸው እሰማለሁ፣ እደግመዋለሁ። እሳቸውም ለመንደሩ ሁሉ አወሩት።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ሸሚዝ ስተኩስ ወንድሜ ሰይድ ደወለ።

"አባባ ወደ አኼራ ሄዱ" አለኝ። ካውያውን አስቀመጥኩ።

"ጀናዛቸው ታጥቦ ተከፍኗል። ቀብር እንደማያድር ታውቂያለሽ። እሳቸው ግን 'ልጄ ቅርብ ናት፣ ፊቴን ሳታይ እንዳትቀብሩኝ' ብለው ተናዘዋል። ሸሆቹ ተከራክረው ተከራክረው እስከ ነገ ጠዋት ይቆይ አሉ። ሰዉ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ተነሥተሻል?"

ማዳም ከሳሎን ትጠራኛለች። እኔ ደግሞ ለደግ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ያባቴን ሬሳ ሳይቀበር አቆይቶብኛል። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

"አልመጣም" አልኩት። "ድሮም መምጣት አልችልም ነበር፣ ሰይድ። ፓስፖርቴ እነሱ ዘንድ ነው። ሁላችሁንም ዋሽቻችኋለሁ።"

ከኋላው አንድ ሽማግሌ "የት ደረሰች?" ሲሉ ይሰማኛል።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ቅበሯቸው።"

ስልኩን ሳይዘጋው ወደ ሰዉ ዞረ መሰለኝ፣ ድምፁ ራቀብኝ።

"መንገድ ላይ ናት" አላቸው። "አትጠብቁኝ ብላለች።"