አጥሚት የጠጣችው ማሽን

ዊልፍሪዶ የአየር ማቀዝቀዣውን የውጪ ማሽን ሲናደድባት «ቆርቆሮ» ይላታል። ደስ ሲለው ስም አያወጣላትም፤ ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ ያልፋል። በበረንዳው ጎን ከአልሞንዱ ዛፍ ሥር በሲሚንቶ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ መንገድ፣ ጀርባዋ ወደ ግድግዳ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሞቃቷ ከተማችን በባራንኪያ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። በእሱ ዘመን የአውቶቡሱ ሞተር ከሾፌሩ ጉልበት አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። የቀኝ እግሩን ፀጉር ሞተሩ ጠብሶ ጨርሶታል፤ ዛሬም አልበቀለም። ጡረታ በወጣበት ዕለት ለሚስቱ ለኦቲሊያ «ከእንግዲህ የምተኛው እንደ ሀብታም ሬሳ በቅዝቃዜ ውስጥ ነው» አላት። ማሽኗ የተገዛችው በዚያው ወር ነው።

እኔ አበልጁ ነኝ፤ ልጁን ዩራኒስን ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። ቤቴ ከቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ የማሽኗ ሙቅ ትንፋሽ መንገዱን ተሻግሮ ይደርሰኛል። ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን ስለዚህ ትንፋሽ ሳስብ አሳልፌአለሁ። ሰው ማሽኗ ቅዝቃዜ የምታመርት ይመስለዋል። እሷ ግን ከመኝታ ቤት ሙቀቱን እየለቀመች ጎዳና ላይ ከመድፋት በቀር የምታመርተው ነገር የለም። እንግዲህ የአንዱ ሰው ምቾት ሌላው ደጃፍ ላይ የተደፋ ሙቀት ነው ማለት ነው። ይህን አንድ ቀን ለዊልፍሪዶ በሰፊው አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

«ታዲያ አበልጄ፣ ወንበርህን ወደ ግራ ፈቀቅ ብታደርገውስ?» አለኝ።

ፈቀቅ አደረግሁት። አልደረሰኝም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ብሬከሩን ያጠፋል፤ ከሥሯ የወደቀውን ቅጠል ይለቅማል፤ ከጀርባዋ ባሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች መሐል የገባውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠርጋል። በዚህ ሥራው የሚጨቀጭቀው ኦቲሊያን ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ልብስ ማስጫ ገመዷን የወጠረችው ልክ ከማሽኗ ፊት ነው። የሰጣችው ነገር በሙቁ ነፋስ ወዲያው ይደርቅላታል።

«አፏን አፈንሽባት እኮ» ይላታል።

«ሙቀቱን መንገድ ላይ ከምትበትነው ለሱሪህ ይሁን» ትለዋለች።

ጠቡ ዓመታት ቆየ። ገመዱም እዚያው ቆየ። ኦቲሊያ ዩራኒስን ልታርስ ወደ ቀዝቃዛዋ ከተማ ወደ ቦጎታ ስትሄድ ግን ገመዱ ባዶውን ቀረ፤ ዊልፍሪዶም የሚጨቀጭቀው ሰው አጣ። እሑድ ማሽኗን ሲጠርግ ዞር ብሎ ገመዱን ሲያይ አይቼዋለሁ።

ከጾም በፊት የሚጨፈርበት ካርኒቫል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዩራኒስ ደወለች። እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

«አባዬ፣ እማዬ እዚህ ያለ ምንም ማሽን ድብን ብላ ትተኛለች። ደም ግፊቷም ወርዷል። የዐመድ ረቡዕ ዕለት፣ ጾሙ ሲገባ፣ ይዣት እመጣለሁ፤ አንድ ሌሊት አብሬያት አድሬ አያታለሁ። እንደ አምናው በላብ ተነክራ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ካደረች፣ ሐሙስ ይዣት እመለሳለሁ። ለመኖር ነው የምልህ፣ ለጥየቃ አይደለም።»

«አምና እኮ መብራት እየሄደ ነው። እሷስ ምን ትላለች?»

ስልኩ እጅ ለወጠ። «ዊልፍሪዶ፣ እኔማ አልጋዬን እፈልጋለሁ» አለች ኦቲሊያ። «እንደ አምና ግን አልችልም። ያቺ ነገርህ ትሠራለች?»

«ጥርስ ታንቀጫቅጫለች።»

ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ብሩሹን አንሥቶ ዕለቱ እሑድ ባይሆንም ማሽኗን መጥረግ ጀመረ።

በዚህ ወቅት ከተማውን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የዚያን ዓመት ቶሎ ጥሎን ሄዶ ነበር። ዊልፍሪዶ ክፍሉ እንዳይሞቅ ብሎ ማሽኗን ከቅዳሜ ጀምሮ አላጠፋትም። ሰኞ ከሰዓት የጎረቤታችን የእትዬ ኤመሊና ጨፋሪዎች ከበሮአቸውን ይዘው በእኛ መንገድ ወረዱ። እንደ ደንቡ ነጩን የበቆሎ ዱቄት በጆንያ ይዘዋል፤ እርስ በርስ ይረጫጫሉ፤ የቆመውንም የተቀመጠውንም ያለብሱታል።

«ጋሼ ዊልፍሪዶ፣ ምነው ተደበቁ? ይምጡ፣ ፀጉርዎን እናንጣልዎ» አለች ኤመሊና።

«የኔን ጊዜ አንጥቶታል። አንቺ የራስሽን ቀለም ጠብቂ።»

እንዲህ ይበል እንጂ ከበሮው ሲደጋገም እግሩ አላስቀምጥ አለውና ወረደ። እኔም ወረድኩ። ማሽኗን ያስታወሳት አልነበረም። እኛ ስንጨፍር እሷ በጀርባዋ አየር ትስባለች፤ በአየሩ ውስጥ የነበረውን ዱቄት ሁሉ አብራ ትስባለች። ጭፈራው ወደ ታችኛው መንገድ ሲያልፍ ዊልፍሪዶ ሄዶ አያት። ጀርባዋ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስል ነበር።

በደረቁ በብሩሽ ቢጠርገው ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ደነገጠ፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ወደ ቀድሞ ሙያው ይሮጣል። የአውቶቡስ ሞተር ሲቆሽሽ በፈላ ውሃና በሳሙና ነበር የሚያጥበው። ብሬከሩን አጠፋ፤ ጓንዱ ለሚባለው የአተር ሾርባ የተጣደውን ትልቅ ድስት ውሃ አወረደ፤ ሳሙና ጨመረበት፤ ጀርባዋ ላይ ለቀቀባት።

«አበልጄ፣ ና እስኪ» ብሎ ጠራኝ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ጣቴን ሰድጄ አወጣሁ። «አጥሚት ነው።»

«አትቀልድ።»

«ቀረፋ ቢኖረው ቁርስ ይሆናል።»

አልሳቀም። በቅጠሎቹ መሐል ገብቶ የረጋውን በሸካራ ብሩሽ ፈተገው፤ ቅጠሎቹ ተጣመሙ፤ አጥሚቱ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ሲያበራት ጥቂት አጉረመረመች፣ ጋለች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ማክሰኞ ጠዋት አጥሚቱ ደርቆ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር፤ መኝታ ቤቱም እንደ ድሮው አውቶቡስ ሆኗል።

የማቀዝቀዣ ጠጋኙ ናፈር ስልኩን አያነሣም። በዚህ ከተማ ካርኒቫል ሳይቀበር መፍቻ የሚያነሣ ባለሙያ የለም፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዊልፍሪዶ ግን ደጋግሞ ይደውላል።

ከሰዓት በኋላ ልቅሶ ተሰማ። ማክሰኞ ሆሴሊቶ የሚቀበርበት ቀን ነው፤ ሆሴሊቶ ሲጠጣና ሲጨፍር ሰንብቶ የሞተው የገለባ ሰው፣ ካርኒቫሉ ራሱ ነው። በቃሬዛ ተሸክመውት፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ጥቁር ቀሚስ ለብሰው እንደ ሚስቶቹ ፊታቸውን እየነጩ መጡ። ኤመሊና ማሽኗን ስታይ ሰልፉን አስቆመች።

«ምነው ጋሼ፣ እርስዎም ቤት ለቅሶ ነው እንዴ?»

ነገሩን ነገርኳት። መናገር አልነበረብኝም። ሬሳቸውን መንገዱ መሐል አስቀምጠው ማሽኗን ከበቡ።

«ወይኔ ቆርቆሮዬ፣ በዚህ ሙቀት ለማን ትተሽን ሄድሽ?»

«ሳትጠግብ እንዳይሉ፣ አጥሚቷን ጠጥታ ነው የሞተችው።»

ዊልፍሪዶ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከአልቃሾቹ አንዷ ግን አላለቀሰችም፤ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለችና የማሽኗን ጀርባ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገች። ሻሹን ገለጥ ሲያደርግ ናፈር ነው፤ ደረቱ ላይ ሁለት ብርቱካን ሸጉጧል።

«ናፈር፣ የኔ ልጅ፣ እግዜር ነው የጣለህ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ባሌ ሞቶብኛል። ሐዘን ላይ ነኝ፣ ሥራ አልሠራም።»

ዊልፍሪዶ የሚቀልድበት ጉልበት አልነበረውም። «ነገ ማታ ይቺ ክፍል ካልቀዘቀዘች ኦቲሊያን ልጇ ቦጎታ ትወስድብኛለች» አለው። «እኔም እንዳንተ ብቻዬን መቅረቴ ነው። ልዩነቱ ያንተ ባል ለከርሞ ይመለሳል።»

ናፈር ወንበር አምጡልኝ አለ። «ቀሚሱ የአማቴ ነው፤ ጠብታ ከነካው የምቀበረው እኔ ነኝ። እኔ ልንገርዎ፣ እጅ የእርስዎ ይሁን። ብሬከሩ ጠፍቷል? የፊቷን ወንፊት ይፍቱ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከውስጥ ወደ ውጪ፣ በቀስታ። አይፋቁት፤ ያረጥቡትና ይጠብቁት፣ እንደገና ያረጥቡት።»

የቧንቧው ውሃ እንደ ልማዱ በካርኒቫል ጠብ ጠብ ይላል። ስለዚህ የሆሴሊቶ ሚስቶች ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው ከየቤቱ በባልዲ ያመላልሱ ጀመር። ሟቹ ቃሬዛው ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ኤመሊና ሾርባ አዞረች። ሰውን ሁሉ ተራ በተራ አየሁና፣ ዕድሜዬን በመጽሐፍ ስለ መበስበስ ያነበብኩት ብዙ እንደሆነ፣ ስለ መጠገን ግን እምብዛም እንዳላነበብኩ ታሰበኝ። የሚበሰብሰው ነገር ብቻውን ይበሰብሳል። የሚጠገነው ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል፤ ነገም ከነገ ወዲያም ይፈልጋል። ይህን እያሰብኩ ባዶ ባልዲ እጄ ላይ አስጨበጡኝ።

አመሻሽ ላይ አጥሚቱ ላልቶ እየተንጠባጠበ ወረደ። ናፈር ከሰው ሠራሽ ፀጉሩ ላይ ማበጠሪያውን ነቅሎ የተጣመሙትን ቅጠሎች አንድ በአንድ አቃናቸው፤ ያን ብቻ ራሱ ሠራ። ከዚያ ዊልፍሪዶ አበራት። ሚስቶቹ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ተጠጉ። ማሽኗ ሳል የያዛት መሰለች፣ ከዚያ ደኅና አድርጋ ተነፈሰች። ሆሴሊቶ የዚያን ዕለት አምሽቶ ተቀበረ።

ረቡዕ ኦቲሊያና ዩራኒስ ዐመድ በግንባራቸው ተቀብተው ከታክሲ ወረዱ። ኦቲሊያ በረንዳው ላይ ገና እንደተቀመጠች አፍንጫዋን አነሣች።

«ምንድን ነው የሚሸተው? አጥሚት ያፈላ ሰው አለ?»

«ጎረቤት ይሆናል» አለ ዊልፍሪዶ። ጎረቤቱ እኔ ስለሆንኩ ሳል ያዘኝ።

በማግስቱ መጀመሪያ የወጣችው ዩራኒስ ናት፤ አንሶላ ተከናንባ ታስነጥሳለች።

«አባዬ፣ ቦጎታ እንኳ እንዲህ በርዶኝ አያውቅም።»

«እናትሽስ?»

«ተኝታለች። ሁለቴ ቀሰቀስኳት፣ ሁለቴ ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

ዊልፍሪዶ ብሩሹን ፈልጎ አጣው፤ ብሩሹ ግን እጁ ውስጥ ነበር። ረፈድ ሲል ኦቲሊያ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ መጣች። ገመዱን በጨርቅ ወለወለችና ልጇ ቦጎታ የገዛችላትን ወፍራም የሱፍ ሹራብ ከማሽኗ ፊት ሰጣችው።

«እማዬ፣ ሹራቡን አሁን ምን አሳጠበሽ? መንገድ ላይ ትለብሺው የለ።»

«የምን መንገድ? ሳጥን ውስጥ ላስቀምጠው ነው። ሳይታጠብ ካስቀመጡት ብል ይበላዋል።»

ዊልፍሪዶ ወደ ገመዱ ሄደ። የድሮው ጭቅጭቅ ይጀመራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ነፋሱ ሁለቱንም እጅጌ እንዲያገኝ ሹራቡን ትንሽ ወደ ጎን ስቦ አስተካከለው።

«አፏን አፍነህባታል» አለችው ኦቲሊያ።

«ትቻለው» አላት።

ያ ሁሉ ሙቀት ሹራቡን ዞሮ መንገዱን ተሻገረና ፊቴ ላይ አረፈ። ወንበሬን ወደ ግራ ፈቀቅ አደረግሁ።