የወይዘሪት ፍሬን

ድሬ ከዚራ ሰፈር ጉግሳን የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንኳ ወይዘሪትን የማያውቅ አይገኝም። ወይዘሪት የጉግሳ መኪና ናት፤ ነጭ ፔጆ 404። አባቱ ምድር ባቡር ዎርክሾፕ ሲሠሩ፣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ከሚገባ ፈረንሳዊ አለቃቸው ነው የገዟት። ስሙንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። "ሽጡልን" ብሎ የመጣውን ሁሉ "ልጄ ገና ናት፣ ለባል አልደረሰችም" እያሉ መለሱ። እሳቸው ሲያርፉ ጉግሳ ወረሳት፤ እሱም ገዢ በመጣ ቁጥር በአባቱ ቃል መለሰ። ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏት፣ የልጅ ልጅ ማየት በሚገባት ዕድሜ፣ ዛሬም ወይዘሪት ናት።

ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ጉግሳ ሽርጡን አሸርጦ ይወጣል። ድሬ ላይ ከረፈደ በኋላ የመኪና ቆርቆሮ የሚነካ ሰው የእጁን ቆዳ የጠላ ነው። በባልዲ ውኃ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ መብራቶቿን እንደ ሕፃን ዓይን ቀስ አድርጎ ያብሳል። ሚስቱ ወይንሸት በመስኮት ታየውና "እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብታጥበኝ ኖሮ ባላረጀሁ" ትለዋለች። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጆሮውን ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ደህና አድራ እንደሆነ በድምፅዋ ይለያል፤ ደህና ካደረች ቀኑን ሙሉ ፊቱ ብሩህ ነው። ከዚያ የከዚራን ዛፎች ጥላ ጥላውን ይዞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ በቀስታ ሲነዳት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ እጁን ያነሣላታል። ለሹፌሩ ሳይሆን ለእሷ። በሰፈሩ የተዳረች ልጅ ሁሉ ከአባቷ ቤት የወጣችው በወይዘሪት ነው ብንል ብዙ አልዋሸንም።

አሮጌ መኪናን ግን ባለቤቱ ብቻውን አያኖራትም። ወይዘሪትን ያኖራት አብዱሰመድ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር፣ አጥር ተደግፎ የሚሠራ ሜካኒክ ነው፤ ጋራዥ ካላችሁት ጋራዥ ነው። ከጉግሳ ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። የማይፈርስ ሕግም ነበራቸው። አብዱሰመድ ወይዘሪትን በነካ ቁጥር ሁለቱም ተሳፍረው የደንገጎን ዳገት ይወጣሉ፣ ጫፍ ላይ ሂቦ ሻይ ቤት ሻይ ይጠጣሉ፣ ያንኑ ጠመዝማዛ ይወርዳሉ። "ሜካኒኩ አብሮ ያልወረደባትን መኪና እንዳታምን" ይል ነበር አብዱሰመድ። ታዲያ ሲወርዱ እሱ ከፊት ተቀምጦ፣ አንዳንዴም ዓይኑን ጨፍኖ ያንጎራጉራል። በሥራው የተማመነ ሰው ደስ ይላል።

መከራው የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ቀን ሂቦ ቤት ተቀምጠው ሳለ አብዱሰመድ ብርጭቆውን ሲያነሣ ሻዩ በጣቶቹ ላይ ፈሰሰ። "ትኩስ ነው አቦ" አለ። ሻዩ ትኩስ አልነበረም። እጁ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ጉግሳ ዳገቱን የሚወጣ አይሱዙ የሚያይ መስሎ ፊቱን አዞረ። በሚቀጥለው ጊዜ ለሂቦ በዓይኑ ጠቀሳት፤ ብልህ ሴት ናትና የአብዱሰመድን ብርጭቆ ግማሽ ብቻ ቀዳች። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ግማሽ ሆነ።

ሻይስ ይፈስሳል፣ ይጠረጋል። የፍሬን ዘይት ግን ሲፈስስ ሰው ይገድላል። ከአንድ ጥገና በኋላ ጉግሳ ወይዘሪትን ሲያጥብ የፊት ጎማዋን በውስጥ በኩል ረጥቦ አገኘው። እጁን ሰዶ ሲዳስስ የፍሬን ዘይት ቱቦው የሚታሰርበት ዳዶ በጣቱ ዞረለት። አብዱሰመድ የሠራውን ዳዶ በጣት ማዞር! ጉግሳ እዚያው ከጎማው አጠገብ ተቀመጠ፤ ማልቀስ ነበር ያማረው።

ለሰውየው ሊነግረው ሲገባ ሰውየውን ተሸሽጎ ወደ ሳቢያን ሰፈር ነዳት። እዚያ ባርኸድ የሚባል ወጣት ሜካኒክ አለ። ባርኸድ ዳዶውን አጠበቀ፣ አየሩን አስወጣ፣ ሲጨርስም እንደ ልማዱ በዳዶው ጫፍ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረገ። ያጠበቀውን ካላጠበቀው የሚለየው በዚያ ነው፤ ኩቴክሱም የሚስቱ ነው። ከዚያ በኋላ ጉግሳ ዘዴ አበጀ። አብዱሰመድ ሐሙስ ይሠራል፤ አርብ፣ መጋላ ጁምዓ ላይ ሲሆን፣ ወይዘሪት ሹልክ ብላ ሳቢያን ትሄዳለች፤ ቅዳሜ ሁለቱ ወዳጆች ምንም እንዳልሆነ ደንገጎ ይወጣሉ። አብዱሰመድ አሁንም ከፊት ይቀመጣል። ማንጎራጎሩን ግን ትቷል፤ ጉግሳም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

"ንገረው" ትለዋለች ወይንሸት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"ምን ብዬ ልንገረው? እጅህ ከዳህ ልበለው? እጁ እኮ ነው ሰውየው!"

እውነቱን ነው። ግን ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሲጀምር ደግነት ይመስላል፤ ውሎ ሲያድር ነው ዕዳው የሚታየው። ጉግሳ አርብ አርብ በጀርባ መንገድ ሲሄድ ሌባ እንኳ እንደሱ አይሳቀቅም ነበር። የሚያውቀውን ሰው ባየ ቁጥር ጎንበስ ይላል፤ በዚያች ከተማ ወይዘሪትን ይዞ መደበቅ ይቻል ይመስል።

በዚህ መሀል የጉግሳ አንድያ ልጅ የምሥራች ልትዳር ሆነ። ሙሽራው የሐረር ልጅ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድም ያው የደንገጎ ዳገት ነው። ከቤት የምትወጣው በማን መኪና እንደሆነ የጠየቀ የለም። የጎረቤት ልጅ ፍራኦል ሊነዳ ተስማማ፣ አብዱሰመድም "ፍሬኗን እኔ እጨርሳለሁ" አለ። ሐሙስ ዕለት አባትና ልጅ መኪናዋን ሊወስዱ መጋላ ሄዱ። አብዱሰመድ የምሥራችን ሲያይ ከኒሙ ሥር ተነሣ።

"ነይ አቦ፣ ነይ ሙሽራዬ! እናትሽ በተዳረችበት ቀን የወይዘሪትን ፍሬን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያንቺን ሳልነካ ብቀር ወላሂ እድሜ ልኬን ያንገበግበኝ ነበር።"

ቁልፉን በመዳፏ ሲያኖር ቁልፉ ተንሿሿ። ልጅቱ የአባቷ ልጅ ናትና እንዳልሰማች ሆና ጉልበቱን ልትስም ዝቅ አለች፤ አፈፍ አድርጎ ግንባሯን ሳማት።

አርብ እንደ ልማዱ ወደ ሳቢያን ጉዞ ጀመረ። መንገድ ላይ ግን ያ የቁልፍ ድምፅ አልለቅ አለው። የልጄ ደስታ ነው፤ የመረቃትን ሰው ሥራ ለሌላ ሰው አሳይቼ "እስቲ ፈትሽልኝ" ልበል? ለዛሬ እንኳ ልመነው። ፍሬኑን ረገጠ፤ ያዘች። ደግሞ ረገጠ፤ ያዘች። ፍሬን ሜዳ ላይ ማንን ከድቶ ያውቃል! መሪውን ጠምዝዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወይንሸት ከሽንኩርት ክምር መሀል ቀና ብላ "ወሰድካት?" አለችው።

"አዎ" አለ ጉግሳ። በትዳራቸው ዋሽቷት አያውቅም ማለት ባይቻልም እንዲህ ያለ ውሸት ግን ዋሽቷት አያውቅም።

ቅዳሜ ድንኳን ተከላ ሆነ፣ ድግስ ሆነ፣ ደንገጎ ቀረ። እሑድ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ። ለሙስሊም እንግዶች በታረደው በኩል አብዱሰመድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ጎረቤቶቹን አስከትሎ፣ እንደ ባለቤት እየጋበዘ ዋለ። ልጅቱ በእልልታ ወጥታ ከሙሽራው ጋር ወይዘሪት ውስጥ ስትገባ እሱ መኪናዋን በእጁ እየዳበሰ ዞራት። የፊት ጎማው ጋ ሲደርስ ተንበረከከ፣ አንገቱን ወደ ሥር ሰደደ። የሚመርቃት የመሰለው እንግዳ ሁሉ "አሜን" አለ። ሲነሣ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። ጉግሳን በኮቱ እጅጌ ይዞ ገለል አደረገው።

"ቀዩ የለም" አለው በሹክሹክታ።

"የምን ቀይ?"

"ጉግሽ፣ አሁን የመደባበቂያ ሰዓት አይደለም። የባርኸድ ኩቴክስ! አልወሰድካትም?"

ጉግሳ ዓይኑን ወደ ጎማው ወረወረ። "ታውቅ ነበር?"

"ወይዘሪት በስተርጅና ጥፍሯን መቀባት ስትጀምር የማላይ መሰለህ? ወስደሃታል ወይስ አልወሰድካትም?"

"አልወሰድኳትም። ለዛሬ... ለዛሬ እንኳ አንተን ልመን ብዬ።"

"ያ አላህ" አለ አብዱሰመድ። "እኔ እኮ አንተን አምኜ ነው ጣቴ የቻለውን ያህል ብቻ አዙሬ የተውኩት።"

በዚህ ጊዜ ፍራኦል ክላክሱን አስጮኸ፣ ወይዘሪትም ተንቀሳቀሰች። ከፊቷ የደንገጎ ጠመዝማዛ፣ ከላይ የሚምዘገዘጉ የጫት አይሱዙዎች። አብዱሰመድ በዚያ ዕድሜው ሮጦ ከኮፈኗ ፊት ለፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"ወርያ! አጥፋ! ሞተሩን አጥፋ!"

እልልታው ተቋረጠ። ከሚዜዎቹ አንዱ "ምን ሆነሃል ሰውዬ?" አለ። አንዲት አሮጊት "የሙሽራ መኪና ተነሥታ አትቆምም፣ ገዱ አይደለም!" ብለው ጮኹ። ጉግሳ ደርሶ "ምንም አይደለም፣ ጎማዋ ትንሽ..." ማለት ጀመረ። በዚያች ሰዓት እንኳ ሊሸፍንለት! አብዱሰመድ በትከሻው ገፋ አደረገውና ቀኝ እጁን ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አደረገ። እጁ እንደ ንፋስ ያገኘው ቅጠል ይርገፈገፍ ነበር።

"ይኸው፣ እዩት! እጄ ታሟል። ፍሬኗን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አላጠበቅሁትም። ልጅቱን አውርዷት።"

ያ ሰው ደብቆት የኖረውን፣ ወዳጁም ደብቆለት የኖረውን፣ መጋላና ከዚራ አንድ ላይ በተሰበሰቡበት አወጣው።

ክሪክ መጣ፣ ጎማው ወለቀ። ከውስጥ በኩል ዘይቱ ወርዶ ወርዶ አቧራውን አጨቅይቶታል። ፍራኦል ዳዶውን በሁለት ጣቱ ቢነካው እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ፤ ልጁ ዓይኑን ወደ ደንገጎ ተራራ አንሥቶ አማተበ። ወይንሸት ዘይቱን አየች፣ ባሏን አየች። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ጉግሳ የሰርጉን ኮት አውልቆ ተንበረከከ። መፍቻውን እሱ ያዘ፤ አብዱሰመድ ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ ይመራዋል። "አዙር። ትንሽ ጨምር። በቃ፣ በቃ! ክሩን ትበላዋለህ።" ፍራኦል ፍሬኑን እየረገጠ አየሩን አስወጡ፣ አዲስ ዘይት ሞሉ። ሲያልቅ አብዱሰመድ ቀና ብሎ ቀሚሷን ሰብስባ የቆመችውን ሙሽራ አያት።

"ኩቴክስ ይዘሻል፣ ልጄ?"

ይዛለች፤ ያውም ቀይ። ከነቬሏ ጎንበስ ብላ ዳዶው ላይ ጠብ አደረገች። ሳቅም ለቅሶም የያዘው እልልታ ተነሣና ወይዘሪት ሄደች።

ድንኳኑ ወደ ጭፈራው ተመለሰ። ሁለቱ ሽማግሎች ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ጉግሳ ስልኩን አንድ ጊዜ ከኪሱ ያወጣል፣ አንድ ጊዜ ይመልሳል።

"ይቅር በለኝ ሰመድ" አለ በመጨረሻ። "ከጀርባህ ወደ ሌላ ሰው እየወሰድኩ..."

"ለእሱ አይደለም ይቅርታ የምትጠይቀኝ።" አብዱሰመድ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ እሱ አላየም። "አርብ አርብ ስትወስዳት ሌሊቱን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጉግሽ አለ እል ነበር። የበደልከኝ አሁን ባለመውሰድህ ነው።" ከዚያ ወደ እሱ ዞረና "እኔም በደልኩህ። አንድ ቃል ነበር የጎደለው፣ አላወጣሁትም" አለ።

ሻይ የምትቀዳው ሀዊ ወደ እነሱ ስትመጣ ልማድ ክፉ ነውና ጉግሳ በዓይኑ ጠቀሳት። ልጅቱ አልገባትም፤ አብዱሰመድ ግን አየው።

"እሱንም አውቀዋለሁ" አለ። "ሙሉ አድርጊልኝ፣ ልጄ። እሱ ይይዝልኛል።"

ሀዊ እስከ አፉ ሞላችው። አብዱሰመድ ሲያነሣው ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፣ ሻዩም ወደ ጠርዙ ወጣ። ጉግሳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን ሰዶ ከወዳጁ እጅ ጋር ብርጭቆውን ያዘ። ሻዩ ዛሬ እውነትም ትኩስ ነበር፤ መዳፉን ያቃጥለዋል። ልክ ወደ ከንፈሩ ሲያደርሱት የጉግሳ ስልክ ከኪሱ ጮኸ። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። ወይንሸት ከወዲያ ሮጣ መጥታ ስልኩን ከባሏ ኪስ መንትፋ አወጣች፣ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች፣ ከዚያም በአንድ እጇ ደረቷን ይዛ "ሐረር ገብተዋል!" አለች።

ጉግሳ ብርጭቆውን አልለቀቀም።