የአውራው በግ መጨረሻ

ልጅ ሳለሁ፣ ያ አውራ በግ እንዲሞት አልፈቅድም ነበር።

አያቴ ከበግ ጸጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። ያኔ ሲመሽ ከኩበቱ እሳት አጠገብ ተቀምጠው ከጸጉሩ ውስጥ ገለባና እሾህ ሲለቅሙ፣ እኔ የሶላሯን መብራት ይዤላቸው ኩርምት ብዬ እቀመጥ ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ተረት ይጀምራሉ። አብዝተው የሚነግሩኝ በጸጉሩ ስለሚኮራ አንድ አውራ በግ ነበር። ሌሎቹ ሲሸለቱ እሱ «እኔን የሚያህል ማን አለ? አልሸለትም!» ብሎ ይሸሻል። ጸጉሩ አድጎ መሬት ይጠርጋል። ክረምት ገብቶ መንጋው ወንዝ ሲሻገር፣ የተሸለቱት ቀለል ብሏቸው ያልፋሉ፤ የእሱ ጸጉር ግን ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ይጎትተዋል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ባለቤቱ መቀስ ይዞ ይደርስና ጸጉሩን ይቆርጥለታል፤ በጉም ራቁቱን እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። እኔም እፎይ ብዬ እተኛለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የእንግሊዝኛ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቃል ሰጡን። ትርጉሙን ክፍሉ ፊት ቆመን በታሪክ ማስረዳት ነበረብን። የእኔ «ዳውንፎል» ነበር። ውድቀት ማለት ነው፤ ግን ሰው ተደናቅፎ ሲወድቅ አይባልም አሉኝ። ትልቅ የነበረ ከክብሩ ሲወርድ ይባላል፤ ለዚያ ያበቃው ነገርም በዚሁ ቃል ይጠራል። ወዲያው በጉ ትዝ አለኝ። እስከዚያ ቀን ክፍል ውስጥ ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም፤ ይህን ካበላሸሁ ሁለተኛ አፌን እንደማልከፍት አውቀው ነበር።

ወጥቼ ተረቱን ተናገርኩ። መቀሱ ጋ ስደርስ ከኋላ አንዱ ልጅ «ታዲያ የታለ ውድቀቱ? ጸጉሩን ተስተካክሎ ወጣ እኮ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ተንከተከተ። መምህሩም ፈገግ ብለው «እውነቱን ነው፣ በጉ ዳነ» አሉ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ማታ አያቴን አኩርፌ ቆየሁና ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ በጉ ግን በእውነት ድኖ ነው?»

እጃቸው ቆመ። «የለም። እናቴ ስትነግረኝ ወንዙ ይወስደው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ?»

«አንቺ ነሻ! መጀመሪያ የነገርኩሽ ቀን አልቅሰሽ አልቅሰሽ ራት እምቢ አልሽ። ምን ላድርግ? መቀስ ይዤ ገባሁ።»

ኩርፊያዬን ሳልጨርስ ሳቄ አመለጠኝ። አሁን አድጌያለሁ፣ ነገም ክፍል ውስጥ ልደግመው ነውና እንደነበረው ይንገሩኝ አልኳቸው። ጀመሩልኝ። ወንዙ መሃል ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እሳቱን ቆሰቆሱ። «ተይው፣ ነገ ይሻላል» አሉ።

በማግስቱ እጄን አወጣሁና አንዴ ልድገመው ብዬ መምህሩን ለመንኩ። ክፍሉ ፊት ቆሜ በጉን ለወንዙ ሰጠሁት። «የበጉ ዳውንፎል የገዛ ጸጉሩ ነው» ብዬ ስጨርስ የሳቀ አልነበረም።

ያን ቃል ዛሬ የትም ባየው አልስተውም። ይበልጥ የማስበው ግን አያቴ ለእኔ ሲሉ ስንት ማታ ያን በግ ከውሃ እንዳወጡት ነው። የዚያን ዕለት ማታ «በጉን እንዴት አደረግሽው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ዳነ» አልኳቸው።