ሳቬሊች ከወንበሩ የተነሳበት ቅዳሜ

ሳራቶቭ ከተማ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ኪሮቭ ጎዳና መጥቶ የማይደንስ ሽማግሌ ካያችሁ አንድም ጉልበቱን አሞታል፣ አንድም ሳቬሊች ነው። የጎዳናው ስም ተቀይሯል ይላሉ። ታፔላው ላይ የፈለጉትን ይጻፉ፤ እኛ ኪሮቭ ነው የምንለው። መኪና አይገባበትም። ከአንዱ ጫፍ፣ ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ሹል ጣሪያ ሥር ተነስቶ ሰርከሱና ገበያው ድረስ በእግር የሚኬድ የድንጋይ ንጣፍ ነው። መሃሉ ላይ፣ ሲኒማ ቤቱ አጠገብ፣ ከነሐስ የተሠራ አንድ ጎልማሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አኮርዲዮን ይጫወታል። ከእሱ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ የሥጋና የደሙ ሰውዬ ፕሮኮር ሳቬሊች የሚታጠፍ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። የሚያውቀው ሁሉ በአባቱ ስም ብቻ ሳቬሊች ይለዋል።

አኮርዲዮኑ የከተማዋ የራሷ ዓይነት ናት፤ ትንሽ፣ አናቷ ላይ ሁለት ቃጭል የተገጠመላት። ግራ እጁ ቁልፉን በነካ ቁጥር ቃጭሏ ቅጭል ትላለች። ያንን ድምፅ ሲሰሙ ጡረተኞቹ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ቀለም ቀብተው፣ ጫማቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው ይመጡና እዚያው አግዳሚው ላይ ይቀይራሉ። ወንዶቹ ደግሞ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ያለቻቸውን ጸጉር ወደ አንድ ጎን አበጥረው ከች ይላሉ። አይስክሬም የያዙ ወጣቶች ቆመው በስልካቸው ይቀርጿቸዋል። ምን እንደሚደነስ የሚያውጀው ኩዝሚች ነው፤ ቮልጋ ወንዝ ወደብ ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ መርከብ ሲጠራ የኖረ ሰው ስለሆነ ማጉያ አያስፈልገውም።

ሳቬሊች መደነስ አያውቅም። ጉዱ ይህ ነው። ግማሽ ሳራቶቭን ያስደነሰ ሰው በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜው አንዲት ሴት ይዞ አንድ ዙር ዞሮ አያውቅም፤ ይህንንም ከአምላኩና ከሟች ሚስቱ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም።

የተወለደው ከቮልጋ ማዶ ካለ መንደር ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ተጫዋች የነበረው አጎቱ በእንጨት መሰንጠቂያ ሁለት ጣቱን አጣና አኮርዲዮኗን የልጁ ጭን ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ያለሱ ሠርግ አልተደገሰም። እኩዮቹ የሴት ወገብ እንዴት እንደሚያዝ ሲማሩ እሱ የሚያቅፈው አኮርዲዮን ነበር። እርግጥ ተጫዋች ይከበራል። የሰባው ሥጋ ለእሱ ነው፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ለእሱ ነው፤ ተነስ የሚለው ግን የለም። በራሱ ሠርግ እንኳ ሌላ ተጫዋች ስላልተገኘ ተቀምጦ ሲጫወት አመሸ፣ ሙሽራይቱ ንዩራ ከወንድሙ ጋር ደነሰች። ንዩራ ሆደ ሰፊ ሴት ነበረች። አርባ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ በዚህ ነገር የተናገረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም እየሳቀች።

«እኔ ያገባሁት አኮርዲዮኗን ነው» አለችው፤ «አንተ ምርቃት ነህ።»

ያኔ አብሯት ሳቀ። አሁን ሲያስበው ግን አያስቀውም። ንዩራ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የአኮርዲዮኗን ሳጥን ሳይከፍት ከረመ። አንድ የግንቦት ቀን ግን ቤቱ ጠበበውና ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ፣ ኪሮቭ ላይ ነሐሱ ሰውዬ ጎን ተቀመጠና አንድ ሁለት ዜማ ሞከረ። ሁለት አሮጊቶች የገበያ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው እርስ በርስ ተያይዘው ደነሱ። በሳምንቱ አሥር ሆኑ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ በረዶው ቀልጦ እንደገና እስኪጥል ድረስ፣ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

እዚያ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ነጩ ዳንስ ነው። ምሽቱ ሊያልቅ ሲል ኩዝሚች ነጩን ዳንስ ያውጃል፤ ያኔ ወንዶቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሴቶቹ ይመርጣሉ። የተመረጠ ወንድ እምቢ አይልም። ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ደም ግፊቴን ብሎ ነገር የለም። አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ አንድ ቀን ደክሞኛል ብሎ ነበር፤ ሁለት በጋ ሙሉ አንዲት ሴት ዞር ብላ ሳታየው ቀረች፣ በሦስተኛው በጋ ቼዝ ወደሚጫወቱት ተዛወረ። ሳቬሊች ግን አኮርዲዮኑን ታቅፎ ስለሚቀመጥ የሚደርስበት አልነበረም። ምሽግ ናት ያቺ አኮርዲዮን።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሪማ ፓቭሎቭና መጣች። ሠላሳ ዓመት የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከሲኒማ ቤቱ በር የሚሰማ ሴት ናት። ከሁሉም ጋር ትደንሳለች፤ ከአጭሩም ከረጅሙም፣ ሲደንስ ከሚቆጥረው ከጥርስ ሐኪሙም ጋር ሳይቀር። ነጩ ዳንስ ሲታወጅ ግን ሄዳ ነሐሱ ሰውዬ ጎን ቁጭ ትላለች። ቁጭ ብላ ሱፍ እየፈለፈለች ሳቬሊችን ታየዋለች። እሱም ጣቱ ይሳሳትበታል፣ ቃጭሏ ያለ ቦታዋ ቅጭል ትላለች። ኩራተኛ ናት አሉ ሴቶቹ መጀመሪያ። ሐምሌ ሲገባ ግን ሁሉም ነገሩ ገብቷቸው ነበር፣ ከሳቬሊች በቀር። ኧረ ለእሱም ገብቶታል፤ እንዳልገባው ሆኖ ነው እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጢሙን ሁለት ጊዜ መላጨት የጀመረ ሰው ምን ያልገባው አለ?

አንድ ቀን ገና ሰው ሳይሰበሰብ ትኩስ የሳራቶቭ ነጭ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች፤ ሲጫኑት ሰምጦ ተመልሶ የሚነሳውን ዓይነት። ቆርሳ ሰጠችውና ከነሐሱ ጎን ተቀመጠች።

«እርስዎ ከማን ጋር ነው የሚደንሱት፣ ፕሮኮር ሳቬሊች?»

«እኔ ከተነሳሁማ ሙዚቃው ይቆማል።»

ሪማ ነሐሱን በአገጯ አሳየችው። «እሱም የሚለው ይህንኑ ነው።»

ሳቬሊች ዳቦውን አስቀመጠ። አኮርዲዮኗን አንስቶ መጫወት ጀመረ። እሷም የተረፈውን ዳቦ ጠቅልላ ይዛ ሄደች፣ ይህም ቀኑን ሙሉ ከነከነው።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ኩዝሚች ሳቬሊችን ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ሲመርጥ አገኘውና ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ሪማ ለሴቶቹ የነገረቻቸውን ሰምተሃል?»

አልሰማም።

«የፊታችን ቅዳሜ ደፍሬ እጠይቀዋለሁ ብላለች። እምቢ ካለኝ ኪሮቭን ዳግመኛ አልረግጥም፤ አውቶቡስ የማይመጣበት ፌርማታ ላይ ቆሜ የምጨርሰው ዕድሜ የለኝም ብላለች።»

«ማንን ነው የምትጠይቀው?» አለ ሳቬሊች።

«ነሐሱን» አለ ኩዝሚች። «አንተ ደንቆሮ።»

ሳቬሊች ያን ቀን ዓሣውን ሳይገዛ ቤቱ ገባ። ቢነሳ ያ ሁሉ ሰው እግሩን ያያል፤ ሳቬሊች ለካ እንጨት ነው ይባላል። ባይነሳ ሪማ ትሄዳለች፣ ከነሐሱ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል። የትኛው እንደሚብስ ሲያመዛዝን ቆየና ወጥ ቤቱን ዘጋ፣ በርጩማውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ መዞር ጀመረ። በጆሮው ቫልስን፣ ያንን በሦስት ምት የሚዞሩትን ዳንስ፣ ከማንም በላይ ያውቀዋል። እግሩ ግን የጆሮው ዘመድ አልነበረም። ምጣድ ማስቀመጫውን መታ፣ ማቀዝቀዣውን መታ፣ ራሱን ረገጠ። ታች ያለችው ጎረቤቱ በማሞቂያው ቧንቧ ላይ በማንኪያ አንኳኳች፣ ዝም በሉ ማለቷ ነው። በሁለተኛው ቀን ግን ማንኪያው አልበቃ ብሏት ከነሽርጧ ወጥታ መጣች።

«ሳቬሊች፣ ቁም ሳጥን ነው እንዴ የሚጎትቱት?»

«እግሬን ነው» አላት፤ እውነቱን ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላ፣ ከቮልጋ በኩል ነፋስ እየመጣ፣ ክቫስ የሚባለውን የዳቦ ጠላ የምትሸጠው ሴት ፊት ሰልፉ ረዝሞ፣ ጎዳናው እስከ ዳር ሞልቷል። ሪማ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሰላም አለችው እንጂ ዳቦ አላመጣችም። ሳቬሊች አንድ ዘዴ አስቦ ነበር የመጣው፣ የፈሪ ዘዴ፦ ነጩ ዳንስ እንዳይታወጅ በዜማና በዜማ መሃል ክፍተት አለመተው። ፈጣኑን ከፈጣኑ እያስከተለ ሳበው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው፣ ቀጥሎ ላባቸው ፈሰሰ፣ በመጨረሻም የጥርስ ሐኪሙ ቁጥሩ ጠፍቶበት አግዳሚው ላይ ወደቀ። አንዲት ሴት ዛሬ ሊጨርሰን ነው አለች። ኩዝሚች ግን ከመርከብ ጥሩንባ በላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው። በሙዚቃው መሃል አወጀ።

«ነጩ ዳንስ! ሴቶች ይምረጡ።»

የሳቬሊች ጣት ቆመ። ማንም ሴት ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሁሉም አውቀው ነው። ሪማ ከነሐሱ ጎን ተነስታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ያቺን ሦስት እርምጃ ተራመደችና ፊቱ ቆመች። አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«ፕሮኮር ሳቬሊች፣ ይፈቅዱልኛል?»

«ማን ይጫወታል?» አለ። ስልሳ ዓመት ያገለገለችው መልስ ናት።

«እሱን ለሰዉ ይተዉት።»

ሌላ ሰበብ ሊፈልግ ሲል ምርቃት ነህ ያለችው ንዩራ ትዝ አለችው። እሷን አንድ ቀን ተነስቶ ቢይዛት ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር? ጥቂት ቢረግጣት ነው። አርባ አንድ ዓመት ያፈረው በዚህ መሆኑን ሲያስብ በራሱ ተናደደ፣ ከንዴቱም እውነቱ አመለጠው።

«ሪማ ፓቭሎቭና፣ እኔ መደነስ አላውቅም። በሕይወቴ ደንሼ አላውቅም።»

ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ሙዚቃ ስላልነበረ ግን ሁሉም ሰማ።  

«ሠላሳ ዓመት ሰው አጓጉዣለሁ» አለች ሪማ። «ከተሳፋሪዎቼ መንዳት የሚችል አልነበረም። እነሱ እጀታውን ይይዛሉ፣ እኔ እነዳለሁ፣ የሚደርሱበት ይደርሳሉ።» እጇን ዘረጋች። «ተነስ እንጂ፣ ፕሮኮር።»

አንቱታውን የት እንደጣለችው እንጃ። ፕሮኮር ብሎ የጠራው ሰው ካጣ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሳቬሊች የአኮርዲዮኗን ማንገቻ ከትከሻው አወለቀ፣ ሄዶ አግዳሚው ላይ ነሐሱ ጎን፣ ሪማ በተቀመጠችበት ቦታ አስቀመጣትና ጠብቃት አለው። ሰዉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

መጀመሪያ ዜማ ያነሳው ኩዝሚች ነው። ሁሉም ከእናቱ ቤት ጀምሮ የሚያውቀውን አንድ የድሮ ቫልስ በዚያ የወደብ ድምፁ ማንጎራጎር ጀመረ። ሴቶቹ ተቀበሉት። የጥርስ ሐኪሙ ወንበሩን በመዳፉ እየመታ አንድ ሁለት ሦስቱን ያዘ። አይስክሬም የያዙት ወጣቶችም ግጥሙን ባያውቁት ላላላ አሉ። አንዲት ሴት የቤቷን ቁልፎች ከቦርሳዋ አውጥታ በቃጭሏ ፈንታ ታቅጨለጭል ጀመር፤ ያውም በትክክለኛው ቦታ፣ ከዓመት ዓመት ሰምታው የለ።

ሪማ ነዳች። ሳቬሊች በሁለተኛው እርምጃ ረገጣት።

«ይቅርታ።»

«ፌርማታ ነው» አለችው፤ «ቆመን እንሄዳለን።»

በአራተኛው እንደገና ረገጣት። ከዚያ በኋላ ግን ስንተኛው እንደሆነ አልቆጠረም። ሕንፃዎቹ ዞሩ፣ ሲኒማ ቤቱ ዞረ፣ ነሐሱ ከነአኮርዲዮኖቹ ሁለት ጊዜ በፊቱ አለፈ። የሪማ እጅ የሚሞቅ፣ መሪ ያጠነከረው እጅ ነበር። ለካ እነዚህ ሰዎች አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ለዚህ ኖሯል። ሲሰጥ የኖረውን ነገር አሁን ገና መቅመሱ ነው። ደስታው ከደረቱ አልፎ ዓይኑን አራሰው፣ እንዳይታይበትም ዓይኑን ጨፈነ።

ዜማው አለቀ። ሰዉም ዝም አለ፣ ቁልፎቹም ቆሙ። ዕድሜውን ሙሉ ዘፈን የሚያልቀው ሳቬሊች አበቃ ሲል ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ማለቁን አልሰማም። ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ከንፈሩ አንድ ሁለት ሦስት እያለ፣ መዞሩን ቀጠለ። ሪማ ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው። ኩዝሚች ሁለቱን ትንሽ አያቸው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ዜማውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው።