ልጄ የሳለችው ጎጆ

ጉብሬ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሆነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰው ስለሚኖርበት ቤት ጥናት እየሠራች መጣች። እኔን ጠይቃ ስትጨርስ ለትንሿ ልጄ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻት።

"ሚሚዬ፣ እስቲ ቤታችሁን ሳዪልኝ።"

ልጄ ክብ ጎጆ ሳለች፤ መሃሉ ላይ ምሰሶ አቆመች።

"እዚህ ቤት ምሰሶ አለ እንዴ?" አለች ተማሪዋ፣ ኮርኒሱን ቀና ብላ እያየች።

አፈርኩ። "ጉንችሬ የነበረው የአባቴ ቤት ነው። እሷ ሳትወለድ ፈርሶ በቆርቆሮ ቤት ተተካ። ፎቶ እንኳ የለኝም፤ ከልቤ እንዳይጠፋ ሳስተኛት አወራላታለሁ።"

"ታዲያ እኔ ይሄን ጥናቴ ውስጥ የት ላግባው?" ብላ ሳቀች።

ልጄ አልሰማችንም። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዝግ ብላ ምሰሶው ሥር አንዲት ትንሽ እንስሳ አሰረች።

"ይቺስ? ውሻ ናት?"

"አይደለችም! ወለላ ናት። እማዬ እሷን ተደግፋ ነው የምትተኛው።"

አንገቴ ላይ የጥጃ ትንፋሽ ሞቀኝ። ስለዚያ ቤት ያልነገርኳት የለም። ስለ ጥጃዬ ስለ ወለላ ግን፣ ከታረደችበት ቀን ወዲህ፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።