ለአልታየች በግ አራጅ ጠፋ

አልታየች ስሟን የሚመስል ኑሮ ነው የኖረችው። ጣርማ በር ላይ፣ ጉም ከመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ወጥቶ ቤቱን ሁሉ በሚያለብስበት መንደር፣ ሃምሳ አራት ዓመት ስትኖር እሷን ልብ ብሎ ያየ የለም። መረቋን ያልጠጣ ግን የለም። ሴት ከወለደች የአልታየች ድስት ከእንግዳው ሁሉ ቀድሞ ይገባል። ከጣራ የወደቀ፣ በቅሎ የረገጠችው፣ ብርድ ደረቱን የመታው ሰው መጀመሪያ የሚላክበት ወደ እሷ ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚኬደው ከዚያ ወዲያ ነው። ሲድን ደግሞ ያዳነው ጠበሉ ነው፣ ካልሆነም መርፌው ነው፣ እሱም ካልሆነ የገዛ ደሙ ጥንካሬ ነው። ለመረቅ ምስጋና አቅርቦ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

አጥንቱ የሚመጣው ከባሏ ቢላዋ ነበር። ባሏ ዘርአ ዳዊት የመንደሩ አራጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ፣ በዚያ መንደር የታረደ በግ ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል። ሌላው ወንድ የኋላ እግር ይዞ ስለ ጀግንነት ያወራል። ዘርአ ዳዊት ዋጋ አይቀበልም፤ "የአራጅ ድርሻ" ብሎ ቅልጥሞቹን ብቻ ይዞ ይገባና ለሚስቱ ይሰጣታል። እሷ በመጥረቢያ ጀርባ ትሰባብራቸዋለች፣ በቀዝቃዛ ውሃ ትጥዳቸዋለች፣ የሚወጣውን አረፋ እየገፈፈች በኩበት እሳት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታቆያቸዋለች። ሽንኩርቱን ሳትከትፍ ትጥለዋለች፤ ትንሽ ዝንጅብል፣ በመጨረሻ ከገደሉ አፋፍ የለቀመችውን ጦስኝ።

"እዚህ ብርድ ላይ አጥንት ቶሎ እጅ አይሰጥም" ትላለች። "የቸኮለ ውሃ ይጠጣ።"

ባለፈው ጥር የዘርአ ዳዊት አንጀት ታጠፈ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሆዱ ተከፍቶ ተሰፋ፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ሊያሰናብቱት ሲሉ አንዲት ወጣት ሐኪም አልታየችን ጠርታ "እናቴ፣ ሰውነቱ አልቋል። የአጥንት መረቅ ስጪው። በትንሽ በትንሹ፣ ግን ሳትዘገዪ" አለቻት።

አልታየች ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀች። "ለአገሩ ሁሉ ያበሰልኩትን! ይኼማ የእኔ ሥራ ነው" አለች። ባሏን በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝታ፣ ቁስሉ እንዳይነካ በየጉድጓዱ እየደገፈችው አገሯ ገባች።

አገሯ ስትገባ ሁዳዴ ገብቷል።

በሁዳዴ ሥጋ ቤት ይዘጋል። ደብረ ሲና ወርዳ ከእስላም ሥጋ ቤት አጥንት ልታመጣ ስታስብ ዘርአ ዳዊት ራሱን ነቀነቀ፤ "እነሱ የእኛን አይበሉ፣ እኛም የእነሱን አንበላ። በዚህ ዕድሜዬ አላፈርሰውም።" ወተት ብትሰጠው ያስቀምጠዋል፣ እንቁላል ብትሰጠው ያስመልሰዋል፣ የአጃ ሾርባው ውሃው ብቻ ነው የሚወርድለት። ነገሩ ግን የሚያሳስብ አልመሰላትም። ጓሮ ለፋሲካ የቀለቡት ጥቁር ሙክት ታስሯል፤ የጎደለው አራጅ ብቻ ነው። ሴት ያረደችው አይበላምና። ለምን? አይበላም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ማብራሪያ አልወጣለትም።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ገብረአማኑኤል ነው።

"ልጄ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም። ይጠጣ፤ ፈቅጃለሁ" አሏት።

"እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ታዲያ ማን ይረድልኝ?"

"ካህን ደም አያፈስም እንጂ እኔው አርድልሽ ነበር። ደግሞስ ወንዱ ሞልቶ!"

ወንዱስ በእርግጥ ሞልቷል።

አጥር ተጋሪዋን እሱባለውን ጠየቀችው። የእሱባለው ሚስት ሥርጉት ነፍሰ ጡር ናት፤ ለመውለድ አንድ ወር ያህል ቀርቷታል።

"እትዬ አልታየች፣ ነፍስህን ስጠኝ ብትይኝ አልሳሳም" አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ግን ሥርጉትን ታዪያት የለ? በጾም ደም ያፈሰሰ እንደሆነ በልጁ ላይ ይወጣል ይባላል።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ይባላላ!"

የአገራችን ትልቁ ሊቅ ይኸው "ይባላል" የሚሉት ነው። የት እንደተማረ አይታወቅም፣ መልኩን ያየ የለም፣ ተከራክሮ የረታውም የለም።

ከዚያ ወደ ወርቅአገኘሁ ሄደች። ወርቅአገኘሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥጋ ቤት አለው፤ ሥጋ ቤቱ ለጾም ስለተዘጋ አገሩ ገብቶ ፀሐይ ይሞቃል። ዓመቱን በሙሉ ደም እስከ ክርኑ የሚነክር ሰው ነው።

"እትዬ፣ ቢላዋም እኮ ይጾማል!" አላት፣ እሷ ይህን አለማወቋ እንዳሳዘነው ሁሉ። "ሁዳዴ የገባ ዕለት አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ንክች አላደርገውም።"

"የባሌን ቢላዋ ያዝ። እሱ አይጾምም፤ የበሽተኛ ቢላዋ ነው።"

ወርቅአገኘሁ ከት ብሎ ሳቀ፤ ደስ የምትል ሴት መሆኗንም መሰከረላት፤ ፀሐዩ ላይ ግን እንደተቀመጠ ቀረ።

ቀጥሎ የእድሩ ሊቀመንበር ወልደተንሣኤ ነው። ወልደተንሣኤ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ስብሰባ ያመለጠው ቀን የለም። "እህቴ፣ ይህ በግለሰብ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም" አላት። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጀንዳ ይያዝልሻል።"

እሑድ ተያዘ። ሰባት ሰው ተናገረ። አንዱ ስለ መረዳዳት ባህላችን፣ አንዱ ስለ ጾም ክብር፣ አንዱ ደግሞ ስለማይታወቅ ነገር። ቢላዋ ማን እንደሚያነሣ ያነሣ ተናጋሪ አልነበረም። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ሁለት ውሳኔ ተላለፈ፤ የመታረዱ ጉዳይ ይጠና፣ ሕመምተኛውም ዳቦ ተይዞ ይጠየቅ። ጥናቱን ማን እንደሚያጠናው አልተጠቀሰም። ዳቦው ግን በዚያው ቀን ደረሰ። ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ራስጌ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ "አይዞህ፣ በርታ" አሉት፣ ዳቦውን ቆርሰው ራሳቸው በሉትና ሄዱ።

አገራቸው ከገቡ ዘጠነኛው ቀን ሆነ። ዘርአ ዳዊት ጋቢው ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው ሲያቃስት ነው። በጉ ጓሮ ሆኖ ያመነዥካል፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ የሚወፍረው እሱ ብቻ ነው።

"በጉን አምጪልኝ" አለ ዘርአ ዳዊት።

"የት?"

"እዚህ፣ መደቡ ሥር። ቢላዋዬንም አቀብዪኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ማንኪያ መያዝ አቅቶህ..."

"ከማን ጋር ነው የምትከራከሪው? ስንት ሺህ በግ ነው ያረድኩት? አምጪው አልኩሽ!"

ጎትታ አስገባችው። አራት እግሩን አሰረች፣ ጣለችው፣ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዙራ በጉልበቷ ተጫነችው። ዘርአ ዳዊት ከመደቡ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ቢላዋውን ጨበጠ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለ፤ ስለቱ ግን ከጸጉሩ አላለፈም። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፤ እንባው መጣ። ያን ጊዜ አልታየች ጡጫውን በጡጫዋ ሸፈነችው። እጀታውን የያዘው እጅ የወንድ ነው፣ የገፋው ጉልበት የሴት ነው። ደሙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

መግፈፉንም ብቻዋን ገፈፈች። እሱ ትራሱ ላይ ሆኖ "ቆዳውን እንዳትበሺው! በቡጢ ግፊው እንጂ!" እያለ ይቆጣታል። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሲኒ አቀረበችለት። ቅባቱን ገፍፋ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልላ። ሲጠጣ ጉሮሮውን አተኩራ ታያለች፤ ወረደ፤ ቆየች፤ አልተመለሰም።

"ጨው አንሶታል" አለ።

አልታየች ወደ ጓሮ ወጥታ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ለሠላሳ ዓመት በየመረቁ ጨው አንሶታል የሚለው እሱ ነበርና።

አራት ቀን ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ጆሮው ትንሽ ቀላ፣ ፀሐይ አውጪኝ አላት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሲኒውን ይዛ ስትመጣ ሞቶ አገኘችው። ሐኪሟ "ሳትዘገዪ" ብላ ነበር። ዘጠኙ ቀን የት ገባ ቢባል፣ አንዱ ሥርጉት ሆድ ሥር፣ አንዱ ወርቅአገኘሁ ሣጥን ውስጥ፣ የቀረው ስብሰባው ላይ ነው።

በግ ለማረድ አንድ የጠፋው ወንድ መቃብር ለመቆፈር አሥራ አራት ሆኖ መጣ። ዶማ አይጾምም። ወልደተንሣኤ ረዥም ንግግር አደረገ፤ ሟቹ የመንደሩ ምሰሶ እንደነበር በመግለጫው ታወቀ። ሰው ከቀብር ሳይመለስ ደግሞ ሌላ ወሬ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ "ጾም አስገድፋ ገደለችው። ሴት ያረደችውን አጠጥታው ነው" ይባላል። ይባላል!

የሟቹ አርባ ሳይወጣ ቅዳሜ ሹር ደረሰ። ወርቅአገኘሁ ቢላዋውን ጾም አስፈትቶ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያው ሄዷል። ያን ጊዜ ነው መንደሩ አንድ ነገር የገባው፤ የኋላ እግር ያዥ ሁሉ ቀርቷል፣ አራጅ ግን የለም። ሥርጉት ከወለደች ሳምንት ሆኗታል፤ ደም ብዙ ፈስሷት ገርጥታ ተኝታለች። እሱባለው በጉን ጥሎ፣ ወልደተንሣኤን እግር አስይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆረጠ። በጉ አንገቱ ግማሽ ተቆርጦ ተነሣ፤ ወልደተንሣኤን ገለበጠው፤ አጥር ጥሶ እየደማ አልታየች ደጅ ሄዶ ወደቀ።

እሱባለው እስከ ክርኑ በደም ተለውሶ መጣ።

"እትዬ፣ በእናትሽ! እኔ እጄን ከላይ አደርጋለሁ፤ አንቺ ከሥር ብቻ..."

አልታየች በጉን አየችው። እግሩ መሬቱን ይጭራል።

"ለማን ነው?" አለች።

"ለአራሷ ነው። ምንም ትኩስ ነገር ሆዷ አልገባ።"

ገብታ የባሏን ቢላዋ ይዛ ወጣች። የእሱባለውን እጅ በክርኗ ገፋችው። ተንበረከከች፣ አማተበች፣ ብቻዋን ጨረሰችው፤ መንደሩ ሁሉ በአጥሩ ላይ እያያት። ከዚያ ቅልጥሞቹን ቆረጠች። "የአራጅ ድርሻ" አለችና ይዛ ገባች።

የቀረው ሥጋ ይበላል ወይስ አይበላም? ወልደተንሣኤ እዚያው አቧራውን እያራገፈ ስብሰባ ከፈተ። ክርክሩ ረዥም አልነበረም፤ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሆድ በክርክር አይቆይም። ቢላዋው የዘርአ ዳዊት ስለሆነ ያረደውም ዘርአ ዳዊት ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰውዬው በቁሙ ያላገኘውን ረዳት ሳይፈልግ፣ ከመቃብር ሆኖ ለመንደሩ አረደ።

በፋሲካው ዕለት ከሰዓት በኋላ አልታየች ድስቱን ተሸክማ እሱባለው ቤት ገባች። ሥርጉትን ደግፋ አስቀምጣ፣ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ አጠጣቻት። እሱባለው በሩ አጠገብ ቆሞ ሽታውን ሲስብ ቆየና ባዶ ሲኒ ይዞ ቀረብ አለ።

"እትዬ፣ ለእኔም ትንሽ... ብርዱ እኮ!"

"አንተ ጾመኛ አይደለህ?"

"ኧረ ዛሬ ፋሲካ ነው! ጾሙ ተፈታ እኮ!"

"ይባላል" አለችና ክዳኑን ገጠመችው።