ያልተቀመሰው ክኒን

የያዙኝ ሆሳዕና መናኸሪያ፣ የሆመቾ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። ፖሊሶች በአንድ ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን አስታውሰው ጣቢያ ወሰዱኝ። ክፍሉ ሽንት ሽንት ይሸታል። መተኛ ስላልነበረ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

ከልቤ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ሲፈጥረኝ ጠባብ ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ ደረቴን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ሐኪም ቤት ሲያመላልሰኝ ነው። የግፊት ክኒኔን ካልዋጥኩ ይብስብኛል። ለፖሊሶቹ ስነግራቸው "ሲታሰር የማያመው ማን አለ?" ብለው ሳቁ።

በማግስቱ እናቴ ምግብና ክኒን ይዛ መጣች። እዚያ ለእስረኛ የሚገባውን ምግብ መጀመሪያ የሚቀምሰው ያመጣው ሰው ነው።

"ማዘር፣ እሱንም ይቅመሱ" አላት ጥበቃው፣ ክኒኑን እያሳየ።

"መድኃኒት እኮ ነው ልጄ። የልብ ነው።"

"ያልተቀመሰ አይገባም አልኩ።"

እናቴ የራሷ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ከመቀመጫዋ ስትነሳ እንኳ ያዞራታል። "እማ፣ ተዪው!" ብዬ በሚለየን የሽቦ አጥር በኩል ጮህኩ። ማዕድ እንደሚባረክ ዓይኗን ጨፍና ጸለየችና አንዱን ዋጠች። ጥቂት ቆይታ አጥሩን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጥበቃውን በእጄ ማነቅ ፈለግሁ፤ አልዋሽም።

የሚያስገቡት የዕለቱን ብቻ ስለነበር፣ ነገም ልትውጥልኝ ነው። "ከእንግዲህ መድኃኒት እንዳታመጪ። ድኛለሁ" አልኳት። የምግብ ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች።

በሚቀጥለው ቀን ያመጣችው አተካና ብቻ ነበር፤ በቅቤ የተሠራ የቡላ ገንፎ። ከዳር ቀምሳ አስገባችልኝ። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ሰው የቆመብኝ ያህል ጨንቆኝ ነበር። አብረውኝ ከታሰሩት ጋር በሩን ደበደብን፤ የመጣ የለም። እዚሁ እንደምሞት አመንኩ።

በክፍላችን ምግብ ለብቻ አይበላም። ሁሉም አተካናውን ከበቡት። ከሆመቾ የመጡ አንድ ሽማግሌ ማላመጣቸውን ድንገት አቆሙ። ከአፋቸው ነጭ ነገር አወጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መዳፌ ላይ አኖሩት።

"ይሄ ያንተ ድርሻ ነው" አሉኝ። "እኛ ምንም አላየንም።"

አንገታቸውን አዙረው መብላታቸውን ቀጠሉ። ሌሎቹም አዞሩ። እያለቀስኩ ዋጥኩት።

ዛሬ ቤቴ ነኝ። ሕመሙ ዳገት ስወጣ አሁንም ይይዘኛል። ክኒኔን ሳወጣ እናቴ ካየችኝ "ልቅመስልህ?" ትለኛለች፣ ለቀልድ። እስቃለሁ። እጄን ግን ወደ ኋላዬ እደብቃለሁ።